ዳግም የሚገናኙበት ገጽ

በሠላሳ አንድ ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሥራዬ፣ ወንድና ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩበት ገጽ ተቀድዶ አይቼ አላውቅም። የሚጠፋው ሌላው ነው፤ ተለያይተውና ተቀያይመው ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደገና የሚገናኙበት ገጽ። አንዳንዱ በምላጭ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ በችኮላ ይገነጠላል፤ አንድ ጊዜማ ከነክሩ ተመዝዞ የወጣ አይቻለሁ። በጡረታ ሽኝቴ ዕለት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ "እትዬ አትጠገብ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ምን ተማሩ?" ብላ ስትጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እኔ ግን የነገርኳት የሥራዬን ፍሬ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ ፈንታሁን ካረፈ ደግሞ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ጠዋት ጠዋት የእንጅባራ ጉም እስኪገፍ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እጄ ዘገምተኛ ሆኗል፤ አንዳንድ ቀን ከአራት መስመር አያልፍም። ቢሆንም ስለ ሥራዬ የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው የለም። በዚህ አገር የድሮ ዘመን የፍቅር ልቦለድ ማን እንዳነበበ፣ የት ገጽ ላይ እንዳለቀሰ፣ ለምን እንደዚያ እንደወደደው እኔ የማውቀውን ያህል የሚያውቅም ብዙ አይመስለኝም።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር መጽሐፍ አዳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ እርሱ የሚወራ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ክፍል ነበር። አንደኛው ክፍል ክረምት ሲገባ ያፈስ ስለነበር ከሰኔ እስከ መስከረም መጽሐፉ ሁሉ ወደ ሌላኛው ክፍል ይጋዛል፤ እኛም ከመጽሐፉ ጋር ተጣብቀን እንከርማለን።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ደመላሽ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው በልክ የሆነ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሲገቡ ኮታቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅሉና እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፍ የሚነኩት። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል፣ እንዲህ እያፈራረቁ በጣታቸው ጫፍ እየተጫኑ እስከ መካከሉ ይከፍቱታል።

"መጽሐፍ እንደ ግልገል በቅሎ ነው" ይሉኝ ነበር፤ "በአንድ ጊዜ ከጫንሽው ወገቡ ይሰበራል።"

የተሰበረውንም መጠገን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። የስንዴ ዱቄት በነጠላ ጨርቅ ይነፋል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ በዝግታ እሳት ላይ እየተማሰለ ወርቅማ መልክ እስኪይዝ ይፈላል። በረሮ እንዳይበላው የእሬት ውኃ ይጨመርበታል። የመስፊያው ክር በሰም ላይ ሦስት ጊዜ ይሳባል። ወረቀቱ የሚታጠፈው በጥፍር ሳይሆን በቀርከሃ ስንጥር ነው፤ ስንጥሩን እርሳቸው ራሳቸው ጠርበው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው፣ በጨርቅ አሽተው ሰጡኝ። እስከ ጡረታዬ የሠራሁት በዚያ ነው።

አንድ ሕግም ነበራቸው። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ሲገኝ ሌላ ቅጂ እስኪገኝ ይፈለጋል። ከተገኘ የጎደለው በእጅ ይገለበጥና በቦታው ይሰፋል። ካልተገኘ በዚያው መጠን የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ይገባል። ምንም አይጻፍበትም። እኔ ይህን አስቀያሚ ሥራ ነው እል ነበር። "ጥርሱ የወለቀ ሰው አስመሰሉት እኮ" ስላቸው "ከሰው ሠራሽ ጥርስ ይሻላል" አሉኝ።

በብዛት የምንጠግነው እነዚያኑ የታሪክ ልቦለዶች ነበር። ሽፋናቸው ስለሚያልቅ አንባቢ በስማቸው አይጠራቸውም፤ "አረንጓዴው"፣ "ባለ ጋሻው"፣ "ጠርዙ የተቃጠለው" ይላቸዋል። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የጎንደር ነገሥታት ወይም የመሳፍንት ዘመን ነው። ባል በሐሜት ተታልሎ ሚስቱን ይሰድዳል፤ ወይም ይዘምትና ሞተ ተብሎ ይወራል፤ ወይም በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ደም ይገባል። ከዚያ ብዙ ዓመት። ከዚያ አንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ያ ሰው ይመጣል።

አስተማሪ ያነብበዋል፤ ነርስ ታነብበዋለች፤ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛም በካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ያነብበው ነበር። ለምን የድሮ ዘመን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ዛሬ ሰው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ በስልክ "ይቅርታ" ይላል፤ ኔትወርክ ከተቋረጠም ያን ያህል አይቆጭም። በዚያ ዘመን ግን ይቅርታ ለማለት ዓባይን መሻገር ነበረበት። ሽፍታ አለ፣ ወባ አለ፣ የሞላ ወንዝ አለ። እንዲያ ሆኖ የመጣ ሰው ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። አንባቢዬ የሚወድደው ይህን ይመስለኛል፤ የመንገዱን ርዝመት። የመጀመሪያ ፍቅር አጋጣሚ ነው፤ ገበያ ላይም ይገኛል። ተመልሶ የመጣ ሰው ግን አስቦ፣ አውቆ፣ የሚያስከፍለውን ቆጥሮ ነው የመጣው።

አያ ደመላሽ ሲዋሹ የሰማኋቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተ የተባለው ባል ተመልሶ የሚመጣበት አንድ መጽሐፍ ነበር። ከል የለበሰች ሴት መጥታ ያን መጽሐፍ ስትጠይቅ፣ መጽሐፉ ከኋላቸው መደርደሪያ ላይ እያለ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ "ሰው ይዞታል" ይላሉ። የባሏ ተዝካር ካለፈ በኋላ ግን ራሳቸው ፈልገው፣ አንዳንዴም ቤቷ ድረስ ወስደው ይሰጧታል። አንዷ ስትመልሰው "ሦስት ቀን ከእርሱ ጋር ሰነበትኩ" አለች። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሌላ ባል ያማራት መስሎኝ በልቤ አማኋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዘንድሮ የፈንታሁን ተዝካር ካለፈ በኋላ ሄጄ ያንኑ መጽሐፍ ተዋስኩ። የበሩ መንኳኳት የሚሰማበትን ገጽ አምስት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋ ምን እንዳለች ገባኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘሁት ኃላፊ ለሥራ ትጉህ፣ ለልቦለድ ግን ጠላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መደርደሪያዬ ፊት ቆሞ፦

"አትጠገብ፣ ይሄ ሁሉ 'ወደድኩሽ፣ ተውኩሽ፣ መለስኩሽ' ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?"

"ገበሬውም እኮ ይወዳል፣ ይተዋል፣ ይመልሳል።"

"አንቺ ደግሞ መልስ አታጪም። የንብ እርባታው መጽሐፍ ከፊት ይቀመጥ።"

ከፊት አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ወር ኃላፊው በሩን ገርበብ አድርጎ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ባለ ጋሻው መጽሐፍ አለ? ባለቤቴ ፈልጋው ነው" አለ። ሰጠሁት። መጽሐፉ ሲመለስ በመካከሉ የስብሰባ ጥሪ ወረቀት ለምልክት ገብቶበት ነበር፤ ጥሪው ለእርሱ የተጻፈ ነው። አወጣሁና በፖስታ አሽጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወዲያ ስለ ንብ እርባታ አላነሳብኝም።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልጻፍ። ለዚህ ነው አራት መስመር አራት መስመር እያልኩ የዘገየሁት።

ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ፈንታሁን የእንስሳት ሐኪም ረዳት ሆኖ የአካባቢውን ፈረስ ሁሉ የሚያክም፣ በየገበያው የሚታወቅ ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን አረንጓዴው መጽሐፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቅጠሎች ተቆርጠው ተመለሰ። ቀጥላ ልትዋሰው ወረፋ የያዘችው ስንዱ ነበረች። ስንዱ ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ሰው ናት፤ በገበያ ክርና መቀነት ትሸጣለች። እንጅባራ ዕቃ ልታመጣ ስትመጣ መጽሐፍ ሳትይዝ አትመለስም። በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር። ከባሏ ከአለኸኝ ተለይታ ወንድሟ ቤት ስትቀመጥ ሦስት ዓመት ሆኗታል። አለኸኝ ፈረስ ነጋዴ ነው። እንድትመለስለት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ብላለች።

መጽሐፉን እንደጎደለ ወሰደችው። በሳምንቱ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"መጨረሻው የት ገባ?"

"ቆርጠው ወስደውታል።"

"እጃቸው ይቆረጥ! አንቺ ግን አንብበሽዋል አይደል?"

"ዳንግላ እያለሁ ሁለት ጊዜ።"

"እንግዲያው ጻፊልኝ። ሳላውቅ እንዴት ልደር?"

ሌላ ቅጂ የለንም። አያ ደመላሽ ነጭ ወረቀት ያስገቡ ነበር። እኔ ግን የማስታውሰው መሰለኝ፤ ከዚያም በላይ በእጅ ጽሑፌ እኮራ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱን ቅጠል ጻፍኩ። የመስመሩን ስፋት ለካሁ፤ ኅዳጉን ከታተመው ጋር አስተካከልኩ፤ ወረቀቱ ብጫ እንዲል በሻይ ውኃ ነክሬ አደረቅሁት። ክሩን በሰም ስቤ ሰፋሁት። ከሩቅ ያየው ሰው የታተመ ይለዋል።

የጻፍኩት ይህ ነው፦ ሴቲቱ ወንዝ ወርዳ ውኃ ትቀዳለች። ሰውየው ከማዶ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ ይተያያሉ። ከዚያ እንስራውን አንሥቶ ጀርባዋ ላይ ያሳዝላታል፤ አብረው ዳገቱን ይወጣሉ።

ስንዱ መስኮቱ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ሻሿን አውርዳ ዓይኗን ጠረገች።

"እንስራውን አነሣላት?"

"አነሣላት።"

"ምንም ሳይል?"

"ምንም ሳይል።"

"እንዲህም ይቻላል ለካ" አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው።

በወሩ ከአለኸኝ ጋር ታርቃ መግባቷን ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ለፈንታሁን "በእኔ እጅ ጽሑፍ ትዳር ቆመ" አልኩት። እንዲያ ብያለሁ፤ አልክድም።

በሰባተኛው ወር ስንዱ ቤተ መጻሕፍት መጣች። ዕቃ አልያዘችም፤ መጽሐፍም አልጠየቀችም። እንደገና ወንድሟ ቤት መመለሷን ነገረችኝ።

"ምነው፣ መታሽ?"

"አልመታኝም።"

"ሰደበሽ?"

"አልሰደበኝም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይስቃል። ያለፈውን እንርሳው ይላል። ምኑን እንደሚረሳ ግን አንድ ቀን እንኳ በአፉ ብሎት አያውቅም። እኔ ብቻዬን እያስታወስኩ፣ እርሱ ብቻውን እየረሳ፣ ይሄ ቤት ነው?"

በዚያው ሰሞን አያ ደመላሽ ከዳንግላ በሚኒባስ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ላኩልኝ። የሞቱ አንድ አስተማሪ ቤተሰብ የሰጡት ነው። ከካርቶኑ ውስጥ አረንጓዴው ነበር፤ ሙሉ፣ ሽፋኑ እንኳ ያልተላጠ። ቆሜ መጨረሻውን ከፈትኩ።

ወንዝ የለም። እንስራ የለም። ሴቲቱ አውድማ ላይ እህል ታስወቃለች። ሰውየው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ በወቂዎቹ ሁሉ ፊት ይመጣል። እንደ አገሩ ደንብ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ከዚያ የበደላትን አንድ በአንድ ይናገራል። ሦስት ገጽ ሙሉ እርሱ ነው የሚናገረው። አንዱን ሲዘልል ሴቲቱ ታስታውሰዋለች። ድንጋዩን የሚያወርደው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁለት ጊዜ ካነበብኩት መጽሐፍ ድንጋዩን እንዴት እንደረሳሁት ለረጅም ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ኋላ ገባኝ። እንስራ ያሳዘለኝ ፈንታሁን ነው። መጀመሪያ የተያየን ቀን፣ ዳንግላ፣ ምንጭ ዳር። ምንም ሳይል አነሣልኝ። ቅጠሎቹን ስጽፍ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ በመካከላችን ገና ይቅር የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያውን መገናኘት ወስጄ በዳግመኛው መገናኘት ቦታ ሰፋሁት። ሁለቱ አንድ ዓይነት መስሎኝ ነበር።

ለፈንታሁን ነገርኩት። መጀመሪያ እንስራው ትዝ ብሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቆመ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? ልቦለድ ነው እኮ።"

"እኔ ፈረስ በተሳሳተ መድኃኒት ወግቼ ባውቅ፣ ፈረስ ነው እኮ ብዬ እተኛለሁ?"

"አትተኛም።"

"እንግዲያው እሁድ እንሄዳለን።"

እሁድ ግምጃ ቤት ሄድን፤ የመጨረሻውን መንገድ በጋሪ። የስንዱ ወንድም ግቢ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ከፍቼ አሳየኋት። የእኔን አራት ቅጠል፣ የእውነተኛውንም። እርሷ የእውነተኛውን መጨረሻ አነበበች። ስትጨርስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

"ይሄ ከየት መጣ? ያኛው እንስራስ ከየት መጣ?"

"ከራሴ። የማስታውስ መስሎኝ ነው።"

"መስሎሽ!" ብድግ አለች። "አትጠገብ፣ እኔ ሽማግሌ እምቢ ያልኩ ሴት ነኝ! ወንድሜ ለምኖኝ እምቢ ያልኩ ሴት! ያ ሰው ምንም ሳይል እንስራ ሲያነሣ ሳነብ ነው ልቤ የራራ። የድሮዎቹ እንዲህ ከቻሉ እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው የገባሁ። የድሮዎቹማ ድንጋይ ተሸክመዋል!"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

ወንድሟ "በይ ተቀመጪ፣ እንግዳ ናቸው" አላት። አልተቀመጠችም። ግቢውን ዞረች። መጥታ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋችው።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ማንበብ እችላለሁ። ለእርሱ አንብቢለት።"

አለኸኝ ፊደል አልቆጠረም። ፈንታሁን ፈረሶቹን ስለሚያክምለት የት እንደሚገኝ ያውቃል፤ ሄዶ አመጣው። ወንድምዬው ግቢ አላስገባውም። ስለዚህ ደጃፉ ላይ፣ እርሱ ከበሩ ውጭ በድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከበሩ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ስንዱ ከኋላዬ ቆማለች። አለንጋውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መሬት መሬት እያየ ሰማ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አንብቤ አላውቅም፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም።

ስጨርስ ቀና አለና፦

"ድንጋዩ ምን ያህል ነበር?" አለ።

ወንድሟ ሳቀ። ስንዱ አልሳቀችም።

"መጽሐፉ አይልም" አለችው፤ "አንተ ታውቀዋለህ።"

አለኸኝ ተነሣ፤ ጋቢውን አራገፈ፤ ደህና ዋሉ ሳይል ሄደ። እኔና ፈንታሁንም አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

በማግስቱ የራሴን አራት ቅጠሎች ከመጽሐፉ ፈታሁ። የራሴን ስፌት መፍታት ከባድ ነው፤ በደንብ ነበር የሰፋሁት። ዳንግላ ሄጄ ለአያ ደመላሽ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ቅጠሎቹን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩና "እጅ ጽሑፉ መቼም ግሩም ነው" አሉ። ከዚያ እጥፍ አድርገው መለሱልኝ። "ነጭ ወረቀት ብትጨምሪ ኖሮ ሴቲቱ ተናድዳ ትጠይቅሽ ነበር፤ እናንተም ትነጋገሩ ነበር።" ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ በእጄ በገለበጥኩት ገጽ ሁሉ ግርጌ "ከሌላ ቅጂ ቃል በቃል የተገለበጠ፤ ገልባጭ አትጠገብ" ብዬ ጽፌአለሁ። እነዚያ መጻሕፍት ዛሬም መደርደሪያ ላይ አሉ። ሄዶ ማየት ይቻላል፤ አንድም ክር አልተፈታም። አሁን ልጆቹ በስልክ ነው የሚያነብቡት፤ ከስልክ ገጽ አይቀደድም። ግን የተካችኝ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ፎቶ አንሥተው ለጓደኛ የሚልኩት ያንኑ ገጽ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ስንዱ ሰው ላከችብን፤ "እሁድ ኑ፤ ሁለታችሁም።" ስንደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤትም አለ። ስንዱ ነጭ ነጠላ ለብሳ ከቤቱ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። እኔን ስታይ አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ።

አለኸኝ በበሩ ገባ። ከወንዝ ያወጣው ጥቁር ድንጋይ በማጅራቱ ላይ ነው፤ ገና እርጥብ ነበር፤ ውኃው በሸሚዙ ጀርባ ይወርዳል። ትንሽ ድንጋይ አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደንግጠው "ኧረ ለደንቡ ያህል ቢሆን ይበቃ ነበር!" አሉ። አለኸኝ አልፏቸው ሄዶ ስንዱ ፊት ቆመ፤ ጎንበስ አለ።

"ሰው አምኜ ያለ ጥፋትሽ ከቤት አስወጥቼሻለሁ" አለ። ትንፋሽ ወሰደ። "እናትሽ ሲሞቱ ፈረስ ልሸጥ ሄጄ ለቅሶ አልደረስኩም፤ አንቺንም አርባቸው ሳይወጣ ጠርቼ አስመጣሁሽ።" ድንጋዩን በማጅራቱ ላይ አስተካከለ። "ሽማግሌ በላክሁብሽ ጊዜ ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው ብዬ ነው የላክሁ። ግማሽ በግማሽ አልነበረም።"

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። "እግዜር ይስጥህ፤ ተናግረሃል። በል አውርድ።"

"አልጨረሰም" አለች ስንዱ።

"ልጄ፣ ሰውየው ይሰበራል።"

"አልጨረሰም፣ አባ። እርሱ ያውቃል።"

ላብና የድንጋዩ ውኃ ተቀላቅሎ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ በልቤ ይበቃል፣ አውርደው በይው እላለሁ። እንኳንም አላልኩ። እንደዚያ ብዬ አንድ ጊዜ ጽፌላታለሁ።

ከዚያ አለኸኝ በአገውኛ ተናገረ። አጭር ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። እኔ አገውኛ የሰላምታና የገበያ ያህል ነው የማውቀው፤ አልገባኝም። ግቢው ግን ገባው። ሽማግሌዎቹ መሬት አዩ። ወንድሟ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ፈንታሁን ባርኔጣውን አወለቀ።

ስንዱ ከምሰሶው ተላቅቃ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

"አሁን አውርደው" አለች።

በዚያ ቀን አብራው አልሄደችም። የገባችው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በራሷ ጊዜ፣ የራሷን ዕቃ በራሷ ጋሪ አስጭና። ዛሬም አብረው ናቸው። በፈንታሁን ቀብር ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ አለኸኝ ሬሳ ተሸክሟል።

ያን ዕለት ከግምጃ ቤት በጋሪ ስንመለስ ፈንታሁንን ጠየቅሁት።

"መጨረሻ ላይ ምን አላት?"

"ለእሷ እኮ ነው የተናገረው።"

"ሰው ሁሉ ሰማ እኮ! እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁ። ሚስትህ አይደለሁም?"

ፈረሱ ዳገቱን ሲጀምር ከጋሪው ወረደለት፤ ሁልጊዜም ለፈረስ ይወርዳል። ጎን ለጎን እየተራመደ ሽቅብ አየኝና ሳቀ።

"ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ" አለኝ።